የእድሩ ጓጉንቸር

«የሰባት ወይራ እድር አባላት በሙሉ! የእድራችንን ጓጉንቸር ያያችሁ፣ የሰማችሁ፣ ወይም በስሕተት ኪሳችሁ የገባ ካለ፣ በእግዜር ይሁንባችሁ መልሱ!»

ደሳለች የያዘችው ሞረድ ከእጇ አምልጦ እግሯ ላይ ወደቀ። «ወይኔ!» ያለችው ግን ለእግሯ አልነበረም።

ድምፁ የጋሽ ባዩ ነው። ጋሽ ባዩ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ጥሩምባው ተሰንጥቆ ከተጣለ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ በምትኩ ሜጋፎን ተገዝቶላቸዋል። ይህ ሜጋፎን ሲከፈት መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ የሚመስል ሙዚቃ ካላሰማ ሥራ አይጀምርም፤ ሙዚቃው እንዴት እንደሚጠፋ ደግሞ እስካሁን ያወቀ የለም። ስለዚህ በሰባት ወይራ ሰፈር ሰው ሲሞት እንኳ መጀመሪያ የሚሰማው ጭፈራ ነው።

«ናስ ነው!» አሉ ጋሽ ባዩ፣ አሁን አጥሩ ሥር ደርሰው። «አሮጌ ነው! ፊቱ ላይ በሚስማር የተመቱ ሰባት ነጥቦች አሉት! የመታኋቸውም እኔው ነኝ! እስከ እሑድ ስብሰባ ካልተገኘ...» ሜጋፎኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ያለ ሜጋፎን፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ካልተገኘማ እኔን አያድርገኝ» አሉና አለፉ።

ደሳለች ሰባቱን ነጥቦች አሳምራ ታውቃቸዋለች። ስድስቱ ክብ ሠርተው አንዱ መሐላቸው ተቀምጧል፣ አበባ ይመስላሉ። የት እንዳሉም ታውቃለች። የእድሩ ዳኛ የአቶ ካሳሁን ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ ሰላማዊት ጆሮ ላይ ናቸው።

ደሳለች የገሳይ ገጠር ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍልን ለመማር ደብረ ታቦር አጎቷ ዘንድ ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው። አጎቷ አያ ይሻው ጓሯቸው ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ከተሰበረ ቧንቧ፣ ከአሮጌ ቁልፍና ከተቃጠለ ሞተር ሽቦ ቀለበት፣ ጉትቻና የአንገት መስቀል ይሠራሉ። እሳታቸውን የሚያራግቡት በወናፍ አይደለም፤ ከአንድ ፀጉር ቤት በተጣለ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ደሳለች መጀመሪያ ወደዚያች ቤት የገባችው ከሰል ልታቀብል ነበር። በሁለተኛው ወር መዶሻው እሷ እጅ ላይ ተገኘ።

«እንግዲህ አባቴ ለእኔ ያሉኝን ነው የምነግርሽ» ብለዋት ነበር አያ ይሻው። «የመጀመሪያ ሥራሽን የምትሠሪበትን ናስ ራስሽ ፈልገሽ ታመጫለሽ። ስትጨርሺ ደግሞ አትሸጭውም። ለምትወጂው ሰው ትሰጫለሽ።»

ናስ ፍለጋ ቀላል ይመስላል። ደሳለች ለሁለት ሳምንት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ከባጃጅ ጋር ልትጋጭ ነበር። ያገኘችው አንድ የሱሪ ዘለበት ብቻ ነው፤ እሱም ሲፋቅ ብረት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ በእድሩ ዕቃ ቤት በኩል ስታልፍ፣ አጥሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ፣ አፉን የከፈተ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አየች። አጠገቡ ሰው የለም። ቁልፍ የለበትም። ተጥሏል፣ አለች በልቧ።

ግራና ቀኝ ተመለከተች። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በቀጣዮቹ ቀናት ስለ ግራና ቀኙ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ጓጉንቸሩን በሰጌቶ መጋዝ ቆርጣ ስትፈታው ሁለቱ የናስ ፊቶች ለየብቻ ወጡ። እያጋለች ውኃ ውስጥ ጣለቻቸው፣ መስፉ ላይ አድርጋ ቀጠቀጠቻቸው። ናስ ሲመታ ይኮራል፤ እየደነደነ ይሄድና እንደገና እሳት ካላየ አልታዘዝም ይላል። መብራት ሲጠፋና ማድረቂያው ሲቆም በባዮሎጂ ደብተሯ ታራግብ ነበር። የደብተሩን የተቃጠለ ጥግ ያየው መምህሯ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት «ሽሮ ገንፍሎበት ነው» ብላዋለች።

ሁለቱን ፊቶች የባቄላ ቅጠል አስመስላ ቆረጠቻቸው። አንደኛው ላይ የነበሩትን ሰባት ነጥቦች ልትሞርዳቸው መሣሪያ ካነሳች በኋላ ሳሳችላቸውና ተወቻቸው፤ ሌላኛውም ላይ እነሱኑ አስመስላ መታች። ከጓጉንቸሩ ሆድ ከወጡት ትናንሽ ናሶች ጠብታ የሚያካክሉ ፍሬዎች ሠርታ ከሥር አንጠለጠለች። ማንጠልጠያውን ከመዳብ ሽቦ አጠፈች። በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በአመድና በሎሚ ፈትጋ ስትጨርስ፣ ያ አረንጓዴ ነገር ፊቷን የሚያሳይ ወርቃማ ቅጠል ሆኖ መዳፏ ላይ ተንሿሿ። ደሳለች ደስታዋን የምታደርግበት አጣችና የአያ ይሻውን ድመት አቅፋ ሳመች።

ለሰላማዊት የሰጠቻት ባለፈው ሰኞ ነበር። ይኸው ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ጓጉንቸሩ በሜጋፎን ይፈለጋል።

አያ ይሻው የመነጽራቸውን አናት አልፈው ተመለከቷት።

«ተጥሎ አገኘሁት ነበር ያልሽኝ?»

«አዎ አያ።»

«የት?»

«አጥር ላይ።»

«እናንተ ገሳይ፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ነገር ተጥሏል ነው የሚባል?»

ደሳለች አመዱን በእግሯ ጣት መጫር ጀመረች። አያ ይሻው መዶሻቸውን አነሱ፣ ሁለቴ መቱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ ምንም አልልሽም። ጉትቻው የማን ሥራ ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ናሱም ያንቺ ነው፤ ከነጣጣው።» ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በማግሥቱ ደሳለች ሰላማዊትን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ወሰደቻት። የሰላማዊት ጆሮ ባዶ ነው።

«ጉትቻውስ?»

«እማዬ ወሰደችዋ! አይታው እንዴት እንዳበደች ብነግርሽ። አሁን ሽንኩርት ስትከትፍ ራሱ አታወልቀውም።»

ደሳለች በደስታና በድንጋጤ መካከል ተሰንጥቃ ቀረች። «እኔ እንደሠራሁት ነገርሻት?»

ሰላማዊት የሹራቧን እጅጌ መጎተት ጀመረች። «እንዳትቀየሚኝ እሺ? ከባሕር ዳር ቡቲክ ነው አልኳት። እህቷ የላከችላት አስመስዬ።»

«ለምን?»

«በቃ... እማዬን ታውቂያታለሽ። ቀጥቃጭ የሠራውን አላደርግም ምናምን ትላለች። ፋራ ናት። እንድታደርገው ብዬ ነው እኮ!»

ደሳለች አንገቷ ድረስ ጋለች። ስንት ጊዜ እሳት ያየው ናስ፣ የተቃጠለው ደብተሯ፣ መዶሻ የሳተው አውራ ጣቷ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባሕር ዳር ቡቲክ ገቡ። ልትጮኽባት አፏን ስትከፍት ግን የጋሽ ባዩ ድምፅ ትዝ አላት።

«ሰላም፣ ጉትቻው እኮ የእድሩ ጓጉንቸር ነው።»

«ምን?»

«የጠፋው። በሜጋፎን የሚፈለገው።»

ሰላማዊት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ማርያምን በይ! ትናንት አባዬ እራት ላይ ቁጭ ብሎ ሌባውን ሲረግም፣ እማዬ ‹አሜን› ባለች ቁጥር ጆሮዋ ይንሿሿ ነበር!»

ሁለቱም ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የነበረው ነገር እዚያው ተቀምጦ ጠበቃቸው።

«ጋሽ ባዩን ምን ያደርጓቸዋል?» አለች ደሳለች።

«ያባርሯቸዋላ። አባዬ የተናደደው ለጓጉንቸሩ አይደለም። ጋሽ ባዩ መጥፋቱን ደብቀው፣ በሩን በገመድ አስረው ለካ ድስቶቹ መሐል ነበር የሚተኙት። ሦስት ሳምንት! ራሳቸው ሰርቀው ሸጠውት ነው የሚሉም አሉ።» ሰላማዊት እጇን ያዘቻት። «ግን ዝም በይ እሺ? ከተናገርሽ እኔም ውሸቴ ይወጣል። አንቺም ሌባ ትባያለሽ፤ አጎትሽንም የተሰረቀ ነገር የሚያቀልጡ ናቸው ይሏቸዋል። ለአንድ አሮጌ ጓጉንቸር!»

ደሳለች እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ያንን ‹እሺ› ፈልጋ አጣችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ አባላት ከወይራዎቹ ሥር ተሰበሰቡ። ሰፈሩ ሰባት ወይራ ቢባልም የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ጥላው የደረሰው ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነው። ደሳለች የአያ ይሻውን በርጩማ ተሸክማ መጣችና ከኋላቸው ቆመች። ጥቂት ራቅ ብለው የአቶ ካሳሁን ባለቤት እትዬ መሠረት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን ጆሯቸው እንዲታይ አድርገው ወደ ኋላ መልሰውታል።

«ከየት አገኘሽው እቴ?» አለቻቸው ጎረቤታቸው።

«ከባሕር ዳር። እህቴ ናት። እዚህ አገርማ እንዲህ ያለ እጅ ከየት ይመጣል?»

አያ ይሻው ሳል ያዛቸው። ደሳለች በርጩማውን እያየች የእትዬ መሠረትን ጆሮ ላለማየት ታገለች፤ ግን ፀሐይ አርፎበት ያብለጨልጫል። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታም አፍራም አታውቅም፤ ሁለቱን ስሜቶች በአንድ ጊዜ የት እንደምታስቀምጣቸው ግራ ገባት።

አቶ ካሳሁን ተነሡ። «ጓጉንቸር ከሱቅ ይገዛል። አደራ ግን አይገዛም። ባዩ፣ ና ወደ መሐል።»

ጋሽ ባዩ ሜጋፎናቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ። እንቅልፍ ያጣ ዓይናቸው ቀልቷል። የሆነውን ሊናገሩ ወደ ሕዝቡ ዞር ሲሉ ዓይናቸው እትዬ መሠረት ጋ ደረሰና ቆመ። አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። አንገታቸውን አሰገጉ። ከንፈራቸው ሲቆጥር ይታያል።

«ባዩ!» አሉ አቶ ካሳሁን። «እኔን ነው ሚስቴን ነው የምታነጋግር?»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ መሠረት ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። ጋሽ ባዩ ግንባራቸውን ጠረጉ፤ እንደገና አዩ። ነጥቦቹን አውቀዋቸዋል። ደሳለች ማወቃቸውን ከፊታቸው አነበበች። ግን የእድሩን ዳኛ ሚስት በሕዝብ ፊት ‹የጠፋው ዕቃ ጆሮሽ ላይ ነው› የሚል ሰው ጋሽ ባዩ አይደሉም።

«ጥፋቱ... የኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

«እንግዲያው ሜጋፎኑን አስረክብ።»

ጋሽ ባዩ ሜጋፎኑን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው ማብሪያውን ነካ። ያ የልጆች ሙዚቃ በሰባት ወይራ ሰማይ ላይ ጨፈረ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ጋሽ ባዩ ሊያጠፉት ሲደናበሩ ሲያይ ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ጋሽ ካሳሁን፣ ጓጉንቸሩ አለ!»

ደሳለች ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዙሪያዋን ልታይ ነበር። ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ የራሷ መሆኑ ገባት።

«ማነሽ አንቺ?»

«ደሳለች ነኝ። የአያ ይሻው የእህት ልጅ።»

«እና የት ነው ያለው?»

«እትዬ መሠረት ጆሮ ላይ።»

ሙዚቃው በዚያች ቅጽበት ጠፋ። አንድ ሰው ከኋላ «ምን አለች?» አለ።

«ጋሽ ባዩ በሩን ከፍተው አጥሩ ላይ ሰቅለውት ነበር። እኔ ተጥሏል ብዬ...» ደሳለች ቆም አለች። «ተጥሏል ብዬም አይደለም። ግራና ቀኝ አይቼ ነው የወሰድኩት። ለአያ ይሻውም ዋሽቻቸዋለሁ። ጋሽ ባዩ ምንም አላጠፉም። ጉትቻውን ደግሞ የሠራሁት እኔ ነኝ!» የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፏ ከሚገባው በላይ ወጣ፤ ጥፋቷን እየተናገረች እንደሆነ ረስታው ነበር።

ጋሽ ባዩ ጊዜ አላጠፉም። ሮጠው እትዬ መሠረት ጆሮ ሥር ተንበረከኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት! ይቺ ወልገድ ያለችው ሚስማሩ የተንሸራተተብኝ ናት!»

«እሷን ሌላኛው ላይ ለማስመሰል ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል» አለች ደሳለች በቅሬታ። «ሆን ብለው ያደረጓት መስሎኝ!»

መጀመሪያ የሳቁት አሮጊቶቹ ናቸው። ከዚያ ሳቁ እየተቀባበለ ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ደረሰ። አቶ ካሳሁን ብቻ አልሳቁም፤ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አውልቂው።»

«አላወልቅም!»

«አንቺ ሴት፣ የእድሩ ጓጉንቸር ነው እኮ!»

«ጓጉንቸር ከሆነ ቁልፉን አምጣና ክፈተው!»

እትዬ መሠረት ሁለት ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ልጃቸውን በዓይናቸው ፈልገው አገኙ። «ሰላማዊት! ባሕር ዳር ያልሽኝስ?»

ሰላማዊት ከሴቶቹ ኋላ ብቅ አለች። ደሳለችን አየቻት፤ ከዚያ እናቷን። «ከአያ ይሻው ቤት ነው ብልሽ ታደርጊው ነበር?»

ሳቁ ቀዘቀዘ። አያ ይሻው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ያያሉ። እትዬ መሠረት ወደሳቸው ተመለከቱ።

«አላደርገውም ነበር» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ይሻው። አሁን ግን አላወልቅም።»

«አይከፋም» አሉ አያ ይሻው። «ልጅቱ ለሰላማዊት ነበር የሰጠቻት፤ እሱን ከልጅሽ ጋር ተነጋገሩ።»

ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ። ዕቃው የእድሩ ነው፤ እጁ የደሳለች ነው፤ ጆሮው የእትዬ መሠረት ነው። በመጨረሻ ነገሩን የቋጩት አንዲት አሮጊት ናቸው፦ እድሩ ለሠርግ ድስት ያውሳል፣ ድንኳን ያውሳል፤ ጉትቻ ለሙሽራ ቢያውስ ምን ይለዋል? እስከሚቀጥለው ሠርግ እትዬ መሠረት ጆሮ ላይ በአደራ ይቀመጥ። በዚህ ተስማሙ፤ ጸሐፊውም በንብረት መዝገቡ ላይ ‹ጓጉንቸር› የሚለውን ሰርዞ ‹ጉትቻ፣ አንድ ጥንድ› ብሎ ጻፈ።

ለደሳለችም ቅጣት ተቆረጠላት። የእድሩን ድስቶች፣ ጭልፋዎችና ሳፋዎች ሁሉ እንዳይጠፉ ሰባት ሰባት ነጥብ ትመታባቸዋለች።

«ዝም ብለሽ ምልክት ብቻ» አሏት አቶ ካሳሁን።

«አሳምሪያቸው» አሏት እትዬ መሠረት።

ጋሽ ባዩ ሜጋፎናቸውን ተረከቡ፤ ሙዚቃውን ሆን ብለው ከፈቱት። አያ ይሻው ደግሞ ወደ ቤታቸው ሄደው የመሣሪያ ሳጥናቸውን ጓጉንቸር ከነቁልፉ አመጡና ለእድሩ ሰጡ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ደሳለችን ቀና ብለው ሳያዩ፣ «ሳጥኔ ክፍት ሆነ እንግዲህ። የሚጠብቀው ሰው ግን ያለ መሰለኝ» አሏት። ደሳለች በርጩማውን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረች።

ድስት መምታቱ ሦስት ቅዳሜ ፈጀባት። አንደኛውን ቅዳሜ ሰላማዊት መጥታ ሚስማር ስታቀብላት ዋለች፤ እንደ ወትሯቸው ብዙ አላወሩም፣ ሲለያዩ ግን ‹ሰኞ እንገናኝ› ተባባሉ። በመጨረሻው ቅዳሜ ጋሽ ባዩ ከአንገታቸው ክር ፈትተው የጓጉንቸሩን አሮጌ ቁልፍ ሰጧት። «የሚከፍተው ነገር የለም» አሉ። «ግን ናስ ነው፤ ይሁንሽ።»

ቁልፉን ኪሷ ከትታ ወደ ቤት ስትመለስ፣ አንድ ግቢ አጥር ሥር፣ ከድንጋይ ክምር ላይ የተሰበረ ቧንቧ አየች። ከባድ ነው፤ ከሚጠመዘዝበት ጥርሱ በኩል ዝገቱ ተልጦ ብጫ ያበራል። ከቁልፉ ጋር ቢደመር ሁለት አምባር ይወጣዋል። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ የግቢው ውሻ እንኳ ተኝቷል።

ደሳለች ቆመች። ቧንቧውን አየችው። ግራና ቀኝ ግን አላየችም።

ወደ ግቢው የቆርቆሮ በር ሄዳ አንኳኳች።